ሊብሬኦፊስን በ8 ጊጋ ራም ቢልድ ማድረግ ይቻላል?

መነሻ ጽሑፍ

በአንድ የውይይት መድረክ ላይ ያለውን ይህን ክር (ተከታታይ ውይይት) የከፈተው የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው። ርዕሱ ጥያቄ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ክስ ነው። ሊብሬኦፊስ፣ ጽሑፍና ሠንጠረዥ የምንሠራበት ነጻ የቢሮ ፕሮግራም፣ ክፍት ኮድ ነው ይባላል፣ ነገር ግን ኮዱን አውርዶ፣ ኮምፓይል አድርጎ (ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም ለውጦ) አንዲት መስመር መቀየር የሚችለው ውድ ማሽንና የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ያለው ብቻ ነው ባይ ነው። የእሱ ላፕቶፕ 8 ጊጋ ራምና ባለ 4 ኮር ፕሮሰሰር አለው። የጫነው ኡቡንቱ 24.04 ነው። ኮዱን ከነታሪኩ ማውረድ፣ ማለትም ክሎን ማድረግ ሲጀምር ኔትወርኩ መሃል ላይ ይቆረጥና እንደገና ከዜሮ። እንደምንም ኮዱን ከጓደኛው በፍላሽ ካገኘ በኋላ ደግሞ ቢልዱን (ከኮዱ ሙሉ ፕሮግራሙን መሥራቱን) ያስጀምራል፣ ላፕቶፑ ይደርቃል፣ ማውዙ አልንቀሳቀስ ይላል፣ በመጨረሻ ተርሚናሉ ላይ «ኪልድ» የምትል ቃል ብቅ ትልና ሁሉም ነገር ቀጥ። ታዲያ ክፍት የተባለው ለማን ነው?

ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። ብዙ ሰው እዚያው ቦታ ላይ ስለሚቆም አሳጥሬ ላቅርበው። መልሶቹን በቁጥራቸው እጠራቸዋለሁ፤ ሁሉም ግን እኩል ቦታ አይገባቸውም።

መልስ 1

ጨዋ መልስ ነው። ተማሪውን በደህና መጣህ ተቀብሎ፣ የቢልድ ምርጫዎቹ የተጻፉበትን ኦቶጀን ኢንፑት የሚባለውን ፋይልና የኤረሩን ሙሉ ጽሑፍ እንዲለጥፍ ጠየቀው። አንድ ምክርም አከለ። የመጨረሻውን መስመር ብቻ አይቶ እንዳይፈርድ። ቢልዱን የሚመራው ሜክ የተባለ ፕሮግራም ብዙ ሥራ ጎን ለጎን ስለሚያስኬድ፣ እውነተኛው ኤረር ከታች ሳይሆን ወደ ላይ ብዙ መስመር ርቆ ነው የሚገኘው።

መልስ 2

ራም ግዛ። በቃ፣ ይኸው ነው። ከክሩ ሁሉ ብዙ ላይክ ያገኘው እሱ መሆኑ ያሳዝናል።

መልስ 3

መቀየር የፈለግከው ምንድን ነው የሚል ጥያቄ ያነሳችው አንዲት የትርጉም በጎ ፈቃደኛ ናት። የአማርኛ ሜኑ ላይ ያለ የተሳሳተ ቃል ከሆነ ኮምፓይል ማድረግ ጭራሽ አያስፈልግም አለች። የሊብሬኦፊስ ትርጉም የሚሠራው ዌብሌት በተባለው ሥርዓት፣ በብራውዘር ነው። ገብቶ፣ አካውንት ከፍቶ፣ ቃሉን ማስተካከል ይበቃል። እኔ ብሆን ይህን ጥያቄ ከሁሉም አስቀድሜው ነበር። ቢልድ ላይ ሳምንት ሙሉ የሚታገል ሰው ግማሹ ለጉዳዩ ቢልድ የማያስፈልገው ነው።

መልስ 4

ተማሪው ተመለሰ። ሜኑ አይደለም አለ። የሊብሬኦፊስ የሠንጠረዥ ክፍል በሆነው ካልክ ላይ ቀን ሲጽፍ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲያሳየው ነው የሚፈልገው። ምርጫዎቹንም ለጠፈ። ለዲቨሎፐሮች የተዘጋጀውን ከባዱን የዲበግ (የስህተት መፈለጊያ) ዓይነት ከነሙሉ ሲምቦሉ (ስህተቱ የትኛው የኮድ መስመር ላይ እንዳለ ከሚያሳየው መረጃ ጋር) አብርቷል፤ ጃቫ አለ፤ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች ቁጥር ላይ ምንም አልጻፈም።

መልስ 5

የክሩ ልብ እዚህ ነው። ጸሐፊው ከሜሪላንድ የሚጽፍ፣ ዕድሜው ጠና ያለ ፕሮግራመር ነው። ነገሩን በእርጋታ ፈታው።

«ኪልድ» የምትለው ቃል የኮዱ ስህተት አይደለችም አለ። ራም ሲያልቅ ሊኑክስ ራሱ አንዱን ፕሮሰስ መርጦ ይገድላል፤ የተገደለው ኮምፓይለሩ ነው። ተማሪው የሥራውን ቁጥር ስላልገደበ፣ ሥርዓቱ ፕሮሰሰሩ የሚያሳየውን 8 ትሬድ (ለእያንዳንዱ ኮር ሁለት) ቆጥሮ 8 ኮምፓይለር ባንድ ጊዜ አስነሳ። አንድ ከባድ የሲ ፕላስ ፕላስ ፋይል ከነዲበግ መረጃው ሲኮምፓይል አንድ ጊጋባይት ገደማ ሊበላ ይችላል። ስምንቱ በአንድ ላይ ሲበሉ ለዴስክቶፑና ለብራውዘሩ ምን ሊተርፍ?

ስለዚህ መፍትሔው ራም ሳይሆን ልክ ማወቅ ነው አለ። የጎን ለጎን ሥራውን 2 አድርግ። የዲበግ ሲምቦሉን ለሁሉም ሳይሆን ለሚነካው ሞጁል ብቻ አብራ፤ ለቀን ጉዳይ ከሆነ የካላንደር ኮድ ያለበት አይ 18 ኤን ፑልና የካልክ ኮድ ያለበት ኤስሲ ይበቃሉ። ኮምፓይለር ብቻውን አይደለም የሚከብደው፤ ትልልቆቹን ላይብረሪዎች ሊንክ ማድረግ (የተኮምፓይሉትን ቁርጥራጮች ማገጣጠም) ከነሲምቦሉ ይብሳል። ጃቫን አጥፋ። ስዋፕ (ራም ሲያልቅ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) ጨምር። የተኮምፓይለውን አስቀምጦ በድጋሚ የሚያቀርበውን ሲካሽን ጫን፣ ግን ሲጫን የሚሰጠው 5 ጊጋባይት ገደብ ለሊብሬኦፊስ ስለማይበቃ ከፍ አድርገው። የመጀመሪያውን ዙር ደግሞ ቴስቶቹን ሳያስኬድ ብቻውን ቢልድ በሚያደርገው ትእዛዝ ጀምር፤ ቴስቱ ሌላ ጊዜ ይደርሳል። ብራውዘሩን ዝጋና ተኛ።

የመጀመሪያው ቢልድ በእንዲህ ያለ ላፕቶፕ ብዙ ሰዓት ይወስዳል፤ ይህን አልሸሸገውም። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ፋይል ቀይሮ ያንን ሞጁል ብቻ እንደገና ቢልድ ማድረግ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ተማሪው ጋሼ ብሎ አመሰገነው፤ እሱም ወንድሜ አይዞህ አለው።

መልስ 6

መልስ 5ን አርሞ የመጣ ነው። ጃቫን ማጥፋት ዋጋ እንዳለው አስታወሰ። የዳታቤዝ ክፍሉ የሆነው ቤዝ ከሚጠቀምባቸው ነገሮች አንዳንዱ፣ በተለይ ኤችኤስኪውኤልዲቢ፣ ጃቫ ይፈልጋል። ለካላንደር ሥራ ግን ምንም አያጎድልም። ትክክለኛ እርማት ነው፤ ሳያስፈልግ ግን ሦስት አንቀጽ ፈጀበት።

መልስ 7፣ 8 እና 9

እነዚህ ስለ ማውረድ ናቸው። መልስ 7 ሙሉ ታሪኩን ትቶ የመጨረሻውን ኮሚት (በመጨረሻ የተመዘገበውን የኮዱን ሁኔታ) ብቻ የሚያወርድ ክሎን እንዲያደርግ መከረው። የኮድ ለውጥ በሚመዘገብበት የሊብሬኦፊስ ጊት ውስጥ ያለው ታሪክ ሊብሬኦፊስ እስከተገነጠለበት እስከ ኦፕንኦፊስ መጀመሪያ፣ እስከ 2000 ድረስ ወደኋላ ይሄዳል፤ ያን ሁሉ መሸከም ለጀማሪ ግዴታ አይደለም። ጉዳቱ፣ አንድ መስመር መቼና ለምን እንደተጻፈ ወደኋላ መፈለግ አይቻልም።

መልስ 8 በዚህ አልተስማማም። ችግሩ መጠኑ ሳይሆን መቆራረጡ ነው አለ። ጊት ክሎን ከተቋረጠበት አይቀጥልም። ታሪክን ቆርጦ ማውረድም ቢሆን ትንሽ ነገር አይደለም፤ ከተቋረጠ እሱም ከዜሮ ነው። ፕሮጀክቱ ደካማ ኔትወርክ ላላቸው ሰዎች ሙሉ ሪፖዚቶሪውን (የኮዱን ማከማቻ) እንደ አንድ የታመቀ ፋይል ያስቀምጣል። ፋይል ስለሆነ፣ ከቆመበት የሚቀጥል ማውረጃ ተጠቅሞ በየሌሊቱ ጥቂት ጥቂት ማውረድ ይቻላል። ከዚያ ፈትቶ፣ የጎደለውን አዲስ ኮሚት ብቻ መሳብ።

መልስ 9 የመጣው ከባሕር ዳር ነው። እነሱ በቡድን ሆነው አንድ ሰው ያወርዳል፣ ሌላው በሃርድ ዲስክ ይቀዳል። እዚህ ላይ ሌሎቹ የረሱትን ነገር አነሳ። ኮዱ ብቻ አይበቃም። ቢልዱ ሲጀመር ሥርዓቱ እነ ቡስትንና አይሲዩን የመሳሰሉ የውጭ ላይብረሪዎችን ራሱ ማውረድ ይጀምራል፤ ኔት ከሌለ እዚያው ይቆማል። ስለዚህ ሲቀዳ የውጭ ታርቦሎች (የእነዚህ ላይብረሪዎች የታመቁ ፋይሎች) የሚቀመጡበትን ፎልደር አብሮ መቅዳት፣ ቦታውንም በምርጫ ፋይሉ ላይ ማሳየት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ነገር የሚያውቀው ችግሩን የኖረ ሰው ብቻ ነው።

መልስ 10

ቁጣ የገባው እዚህ ላይ ነው። ይህ ሁሉ የፕሮጀክቱ መመሪያ የተጻፈበት ዊኪው ላይ አለ፣ አንድ ገጽ ሳያነብ ክፍት ኮድ ውሸት ነው ብሎ መጮህ ስንፍና ነው ሲል ጻፈ። ለማመስገን የፈለገ ሰው እንኳ የትኛው ገጽ እንደሆነ አላገኘም፤ አልጠቀሰውማ።

መልስ 11

ለመልስ 10 የተሰጠ አጸፋ ነው፤ ከፊሉን እዚህ ባልደግመው ይሻላል። ፍሬ ነገሩ ግን እውነት አለው። ዊኪው የተጻፈው ኔትም መብራትም ይጠፋል ብሎ ለማያስብ ሰው ነው አለ። አንዱ ገጽ ወደ ሌላው ይመራሃል፣ ሌላው ወደ ሦስተኛው፤ ሦስተኛው ለዊንዶውስ ይሆናል።

መልስ 12

የመድረኩ አስተዳዳሪ ሁለቱንም በትሕትና ገሠጸ። ከዚያ ራሱ የዊኪውን ገጽ አፈላልጎ አስቀመጠ፤ ነገሩም በረደ።

መልስ 13 እና 14

ሌላ ሰው የራሱን ችግር ይዞ ገባ። እሱ እስከ ኮምፓይል እንኳ አልደረሰም፤ ኮንፊገር ሲያደርግ (ከኮምፓይል በፊት ማሽኑ ሲፈተሽ) ነው የቆመበት። ያለው ኡቡንቱ 20.04 ነው። መልስ 14 ምክንያቱን በአጭሩ ነገረው። ዋናው ብራንች (አዲሱ ኮድ የሚገባበት መስመር) ሲ ፕላስ ፕላስ 20 የተባለውን የቋንቋ ስሪት ይጠይቃል፣ ከኡቡንቱ 20.04 ጋር የሚመጣው ኮምፓይለር ጂሲሲ 9 ደግሞ ለዚህ ያረጀ ነው። አዲስ ኮምፓይለር አሮጌ ሲስተም ላይ ከመለጣጠፍ ሲስተሙን ማሳደግ ይቀላል። ሰውየው ዊፋዬ ለዚያ አይበቃም ብሎ መለሰ። ወደ መልስ 9 መሩት።

መልስ 15

አጭርና ጠቃሚ። ኡቡንቱ ላይ የሚያስፈልጉትን ፓኬጆች አንድ በአንድ ከመልቀም፣ ሲስተሙ ራሱ ለሊብሬኦፊስ ቢልድ የሚያስፈልጉትን በአንድ ትእዛዝ እንዲጭን ማድረግ ይቻላል። ትእዛዙ ግን የሶርስ ሪፖዚቶሪ ካልተከፈተ እምቢ ይላል። 24.04 ላይ ያ ቅንብር ከድሮው ፋይል ወጥቶ ኡቡንቱ ሶርስስ ወደተባለ አዲስ ፋይል ተዛውሯል፤ ዴብ ከሚለው ቃል ጎን ዴብ ኤስአርሲ የሚለውን መጨመር ነው። የድሮ ትምህርት ተከትለው ባዶ ፋይል ሲያዩ ግራ የሚጋቡት ብዙዎች ናቸው።

መልስ 16 እና 17

አንዱ በየኤረሩ ሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬድ ትእዛዝ) እየጨመርኩ ሠራሁ ብሎ መጣ። አሁን ቢልዱ ራሱ ሊሠራ አልፈቀደም። መልስ 17 ሳቀበት፣ ግን አስረዳው። ሊብሬኦፊስ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆኖ ቢልድ ማድረግን ሆን ብሎ ይከለክላል። በሱዶ የተፈጠሩት ፋይሎች ደግሞ ባለቤታቸው ሩት ስለሆነ፣ በራሱ ስም ሲመለስም ሊጽፍባቸው አይችልም። የፎልደሩን ባለቤትነት ወደ ራሱ መልሶ መጀመር አለበት። ከዚያም ሳይጭነው፣ ኢንስትዲር ከሚባለው ፎልደር ውስጥ በቀጥታ ማስነሳት ይችላል። ማሽኑ ላይ የተጫነው ሊብሬኦፊስ አይነካም።

መልስ 18 እና 19

ከክሩ ውስጥ በጣም የወደድኩት መልስ 18ን ነው። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋስ? ላፕቶፑ ባትሪው የሞተ ከሆነ? ብዙዎች ሜክ ካቆመበት ይቀጥላል ብለው ያልፋሉ። ይቀጥላል፤ ግን መብራቱ በጠፋባት ቅጽበት እየተጻፉ የነበሩ ፋይሎች ባዶ ሆነው ይቀራሉ። ሜክ ፋይሉ መኖሩንና ቀኑን እንጂ ውስጡን አያይም። ስለዚህ ባዶውን ፋይል እንደ ተሠራ ቆጥሮ ያልፈዋል፤ በኋላ ሊንክ ሲያደርግ እንግዳ የሆነ ኤረር ይተፋል። ሰውየው ያደረገው ቀላል ነገር ነው። ወርክዲር በተባለው ፎልደር ውስጥ መጠናቸው ዜሮ ባይት የሆኑ ኦብጀክት ፋይሎችንና የዲፔንደንሲ ፋይሎችን በፍለጋ ትእዛዝ አግኝቶ አጠፋቸው፤ ከዚያ ቢልዱን ቀጠለ። ሁሉንም አጥፍቶ ከዜሮ መጀመር አላስፈለገውም።

መልስ 19 ተስማማና አንድ ነገር ጨመረ። ችግሩ ከዚህ በኋላም ካልጠፋ ጥፋቱ ሲካሽ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል እሱን ማጽዳት። ይህ ግን ያከማቹትን ሁሉ ስለሚያጠፋ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን አለ።

መልስ 20

ዊንዶውስ ላይስ? ይቻላል፣ ቪዡዋል ስቱዲዮ ይፈልጋል፣ ከሊኑክስ ይልቅ ቀርፋፋ ነው ተባለ። ዊንዶውስ ላይ ሊኑክስን በሚያስኬደው ደብሊውኤስኤል ውስጥ ሊኑክሱን ቢልድ ለማድረግ ለሚያስቡም፣ ኮዱን በሲ ድራይቭ ላይ ሳይሆን በሊኑክሱ የራሱ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ትልቅ የፍጥነት ልዩነት አለው።

መልስ 21፣ 22 እና 23

ክሩ መንገድ የሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ግን ደስ የሚል መሳት ነው። አንዱ የፎልደሮቹ ስም ግራ አጋባኝ አለ፤ ኤስደብሊው፣ ኤስሲ፣ ኤስዲ ምንድን ናቸው? ከጀርመን የሚጽፍ አበሻ መለሰለት። ሁሉም የስታር ልጆች ናቸው፤ ስታር ራይተር፣ ስታር ካልክ፣ ስታር ድሮው። ፕሮግራሙ የተወለደው በ1985 ማርኮ ቦሪስ ገና በጉርምስና ዕድሜው ሰሜን ጀርመን ውስጥ በመሠረተው ስታር ዲቪዥን በተባለ ኩባንያ ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1999 ገዛው፣ በ2000 ኮዱን ከፈተው። ኦራክል ሰንን ከወሰደ በኋላ በ2010 ከማኅበረሰቡ ብዙዎቹ ተገንጥለው ሊብሬኦፊስን አቋቋሙ። ዛሬም ማስነሻው ፋይል ኤስኦፊስ የሚባለው ለዚያ ነው።

ከኮዱ ውስጥ የጀርመንኛ ማብራሪያዎችን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ለዓመታት የጀማሪዎች ሥራ እንደነበርም አጫወተን። ጀርመንኛ ያልገባው ፕሮግራመር በጎ ፈቃደኛ አስተርጓሚ እስኪደርስለት ይጠብቅ ነበር። መልስ 23 ይህን ይዞ ስለ አማርኛ ኪቦርድ መጣላት ጀመረ፤ አስተዳዳሪው ዘጋው። ለመልካም።

መልስ 24

ተማሪው ተመለሰ። በመልስ 5 ምክር ሌሊቱን ትቶት አድሮ ጠዋት ቢልዱ አልቆ አገኘው። ላፕቶፑ አልደረቀም። የአማርኛ ገጽታም እንዲኖረው ፈልጎ ነበር፤ ለዚያ የቋንቋ ምርጫው ላይ አማርኛን ማከልና የትርጉም ፋይሎቹን ሰብሞጁል (ለብቻው የሚወርድ ክፍል) ማውረድ እንደሚያስፈልግ በኋላ ነው የደረሰበት። ስለ ክሱ ግን አንድም ቃል አልመለሰም፤ ቀጥታ ወደ ካላንደሩ ገባ።

መልስ 25፣ 26 እና 27

ሜሪላንዳዊው ጋሼ ደግመው ጻፉ። (ከዚህ በኋላ ሁሉም አንቱ አሏቸው፤ እኔም እከተላለሁ።) አይ 18 ኤን ፑል ውስጥ ካላንደር የሚባል ፎልደር እንዳለ፣ ሂጅሪና የአይሁድ አቆጣጠር እዚያ እንደሚገኙ አሳዩት። የቡድሃው አቆጣጠር ቀላል ነው፤ ግሪጎሪያኑን ወስዶ 543 ዓመት መጨመር ነው። የእኛ ግን በመቀነስ ብቻ አይገኝም። ዓመቱ መስከረም 1 ላይ ይጀምራል፣ እሱም ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ይውላል፤ በዚያ ላይ 5 ወይም 6 ቀን ያላት ጳጉሜን አለች። ስለዚህ 12 ወር ብቻ ከሚጠብቀው ኮድ ይልቅ በአንዳንድ ዓመት 13 ወር ያለውን የአይሁዱን ፋይል ጀምሮ ማንበብ ይሻላል አሉ።

መልስ 26 ተቃወመ፣ በመጠኑም ሻካራ ነበር። ሊብሬኦፊስ የሚጠቀምበት አይሲዩ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከነስሌቱ አዘጋጅቶ እያለ ስሌቱን እንደገና መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው አለ። ጋሼ አልተቆጡም፤ ትክክል ነህ አሉት። ስሌቱን ከአይሲዩ መውሰድ፣ የአይሁዱን ፋይል ደግሞ 13ኛው ወር በሌላው ኮድ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ለማየት መጠቀም። ሁለቱ አይጋጩም። መልስ 27 ለተጠቃሚው የሚታየውን ክፍል አነሳ። ካልክ ላይ የሴሉ ፎርማት ኮድ ውስጥ የቲልዴ ምልክትና የካላንደሩን ስም በማዕዘን ቅንፍ በመጻፍ ሂጅሪ ወይም የቡድሃ ቀን ማሳየት ይቻላል፤ አዲሱም በዚሁ በር መግባት አለበት። የወሮቹ ስም ደግሞ በአማርኛው የሎኬል (የቋንቋና የአገር ቅንብር) ፋይል ይጻፋል።

መልስ 28

አንዱ ሰዓቱንም በኢትዮጵያ አድርጉልን አለ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እያለን ለምን 7 ይላል? በአንዴ አንድ ነገር ተብሎ ተከለከለ።

መልስ 29

ፓች (የኮድ ማሻሻያ) እንዴት እንደሚላክ የሚያስረዳ ነው። ኮዱ የሚገመገመው ጌሪት ላይ ነው፤ ለዚያ የኤስኤስኤች ቁልፍ ማስገባትና ከሪፖዚቶሪው ጋር የሚመጣውን ሎጌሪት የተባለ ስክሪፕት ማስኬድ ይበቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚልክ ሰው ሥራውን በኤምፒኤል 2.0ና በኤልጂፒኤል 3 እና ከዚያ በላይ የክፍት ኮድ ፈቃዶች እንደሚለቅ የሚገልጽ አጭር ኢሜይል ወደ ዲቨሎፐሮቹ ዝርዝር ይልካል። ከዚያ ጄንኪንስ የሚባለው ማሽን ፓቹን በሊኑክስ፣ በዊንዶውስና በማክ ላይ ቢልድ አድርጎ ይፈትናል። ለ8 ጊጋ ላፕቶፕ ባለቤት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ይበላሽ ይሆን ብሎ መጨነቅ የእሱ ሸክም አይደለም።

መልስ 30

መልስ 10ን የጻፈው ሰው ተመልሶ መጣ። ይቅርታ አልጠየቀም። ግን ስህተቶችና ሥራዎች ከሚመዘገቡበት ከባግዚላ ላይ ለጀማሪ ተብለው የተለዩትን ቀላል ሥራዎች እንዴት ማጣራት እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ ጻፈ፤ ካላንደሩ ሰፊ ስለሆነ ተማሪው አስቀድሞ ከእነሱ አንዱን ሠርቶ የጌሪትን አካሄድ ቢለምድ እንደሚሻል መከረ። ከመልሶቹ ሁሉ ተግባራዊው ነው ብል አላጋነንኩም። ሰው ሲቆጣ ያለውን እውቀት ይደብቃል።

መልስ 31

ተማሪው ምክሩን ተቀብሎ ከቀላሎቹ አንዱን መርጧል፤ ካልክ ውስጥ ያለ ትንሽ የዲያሎግ ሳጥን ጉዳይ ነው። የካላንደሩን ነገር አስተዳዳሪው ወደ ሌላ ክር አዛውሮታል፤ እዚያ አሁን የሚከራከሩት ጳጉሜን በአጭሩ ስትጻፍ በስንት ፊደል ትሁን በሚለው ነው።